«ቀይ ባሕር» የምትለው ወረቀት ትነሣልን

በዲፓርትመንታችን የዙኦሎጂ ላብ ውስጥ፣ ከመስኮቱ ሥር ባለው መደርደሪያ ላይ፣ ፎርማሊን ውስጥ ከተዘፈዘፈው እባብና ላባው ከረገፈው ጭልፊት መካከል አንድ ትልቅ ዛጎል ተቀምጧል። ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። አንደኛ ዓመት ስንገባ በየተራ ጆሯችን ላይ ለጥፈን «የባሕር ድምፅ» አዳምጠንበታል። (የሚሰማው ባሕር አይደለም። በዙሪያችን ያለው ጫጫታ ዛጎሉ ውስጥ ገብቶ ሲያስተጋባ ነው። ግን ማን ይሰማል!) ከሥሩ በታይፕ የተጻፈች፣ ዕድሜ ቢጫ ያደረጋት ወረቀት አለች። «የባሕር ቀንድ አውጣ፤ ቀይ ባሕር» ትላለች።

የዛሬው ጽሑፌ ስለዚያች ወረቀት ነው። ስሕተት ናት፤ መነሣት አለባት።

ስለዚህ ልጽፍ ነው ስላቸው ጓደኞቼ ስቀውብኛል። «ሰው ስለ ካፌው ወጥ፣ ስለ ዶርሙ ውኃ፣ ስለ ግሬድ ይጽፋል፤ አንቺ ስለ ቀንድ አውጣ?» ነው ያሉኝ። ስለ ካፌው ወጥ ባለፉት እትሞች በቂ ተብሏል፤ ወጡም አልተለወጠም። እኔ ግን ይህን ዛጎል አይቼ እንዳላየ ካለፍኩ ባዮሎጂ ተማርኩ ለማለት አፌን ይይዘኛል።

ነገሩ የጀመረው በኢንቨርተብሬት ዙኦሎጂ ኮርስ ነው። ለሴሚናር ጋስትሮፖዳ ደረሰኝ። እንደሚታወቀው ሃንድአውታችን ላይ ስለ ጋስትሮፖድ ያለው ገጽ ተኩል ነው፤ «አንድ ጠመዝማዛ ዛጎል፣ ጡንቻማ እግር፣ ራዱላ፣ ቶርሽን» ብሎ ያልፋል። እኔም እሱኑ ሸምድጄ ልወጣ ስል፣ ለማሳያ እንዲሆነኝ ብዬ ዛጎሉን ከመደርደሪያው አወረድኩት። ከቤተ መጻሕፍት ካገኘሁት ባለ ሥዕል መጽሐፍ ጋር አስተያየሁት። ቀይ ባሕር የሚለው ምዕራፍ ውስጥ ፈለግሁ፣ የለም። ደግሜ ፈለግሁ፣ የለም። መጨረሻ ላይ ያገኘሁት ካሪቢያን ምዕራፍ ውስጥ ነው። ትልቅ፣ ከባድ፣ ጫፉ ላይ ጉጥ ጉጥ ያለው፣ ውስጡ ጽጌረዳ የመሰለ (የእኛው አርጅቶ ቢደበዝዝም)፤ እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች «ንግሥቲቱ ኮንክ» የሚሏት ናት። ሊኒየስ እ.ኤ.አ. በ1758 ስትሮምቡስ ጊጋስ ብሎ ሰየማት፤ ቆይቶ ሎባቱስ ተባለች፤ አሁን አሊገር ጊጋስ ትባላለች። ፈተና ላይ የትኛውን እንጻፍ የሚለውን ለመምህራን እተዋለሁ።

መኖሪያዋ ከቤርሙዳና ከፍሎሪዳ ጀምሮ በባሃማስና በመላው ካሪቢያን አድርጎ እስከ ደቡብ አሜሪካ ሰሜናዊ ዳርቻ ነው። ቀይ ባሕር ውስጥ የለችም፤ ኖራም አታውቅም። ቀይ ባሕር የራሱ ዘመዶች አሉት። ለምሳሌ በቀይ ባሕርና በኤደን ባሕረ ሰላጤ ብቻ የሚገኘው ትራይኮርኒስ ትራይኮርኒስ የሚባለው ኮንክ አለ፤ ከንፈሩ ጫፍ ላይ ቀንድ የመሰለ ሹል ወጥቶለታል። ከኛው ዛጎል ጋር አጠገብ ለአጠገብ ቢቀመጥ ማንም አያምታታቸውም።

ይህንን ይዤ ላቡን ለሚጠብቁት አባት ሄድኩ። «ጋሼ፣ ይቺ ወረቀት ስሕተት ናትኮ፤ ልቀይራት?» አልኳቸው። መነጽራቸውን አውልቀው አዩኝና «አንቺ ልጅ፣ እኔ ስቀጠርም እዚሁ ነበረች። ስንት ዶክተር አይቷት አልፏል። ምን አደረገችሽ?» አሉኝ። ምን አደረገችኝ? ያን ቀን መልስ አላገኘሁም። ይኸው አሁን ልመልስ።

አንደኛ፣ በየዓመቱ ከአካባቢው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የሚመጡ ልጆችን ላብ ስናስጎበኝ «ይሄ የቀይ ባሕር ነው» እያልን ነው የምንልካቸው። እኔ ራሴ አምና አስጎብኚ ሆኜ ብያለሁ። አንዱ ልጅ «በፊት የኛ የነበረው ባሕር?» ብሎ ሲጠይቀኝ «አዎ» ብዬ፣ ልጁ እጁን ዛጎሉ ላይ አድርጎ ትንሽ ቆየ። ያ ፊት ትዝ ሲለኝ አሁንም ያሳፍረኛል። ልጁ የነካው ቀይ ባሕርን ሳይሆን ምናልባት ጃማይካን ወይም ባሃማስን ነው።

ይህ ግን ቀላሉ ነው። ዋናው ነገር ወረቀቷ ከቦታው በላይ የደበቀችው አለ።

ዛጎሉን ስታወርዱት ሁለት ነገር ተመልከቱ። ጫፉ አካባቢ፣ ጉጦቹ ባሉበት፣ ሁለት ጣት የሚያስገባ ሽንቁር አለ። እኛ «ሲጓጓዝ የተሰበረ» እንል ነበር። አይደለም። የካሪቢያን አጥማጅ ኮንክን ሲያወጣ እዚያ ቦታ ላይ በመዶሻ ወይም በገጀራ ይመታና ስለት ያስገባል። የቀንድ አውጣዋ ሥጋ ከዛጎሉ ምሰሶ (ከኮሉሜላው) ጋር በአንድ ጡንቻ ነው የተያያዘው፤ እሱ ሲቆረጥ ሙሉው ሥጋ በአፉ በኩል ተስቦ ይወጣል። ስለዚህ የኛዋ ባሕር ዳር ሞታ የተገኘች አይደለችም። ታርዳለች።

ሁለተኛው ከንፈሩ ነው። ያደገች ኮንክ የዛጎሏ አፍ ወደ ውጭ ተዘርግቶ እንደ ጆሮ ሰፊ ከንፈር ይሠራል። የኛዋ ከንፈር የላትም። የአፏ ጠርዝ ቀጥ ያለ፣ ቀጭን፣ እንደ ገል ስባሪ ስለታም ነው። ይህ ማለት ስትያዝ ገና ልጅ ነበረች። አንድም ጊዜ እንቁላል ሳትጥል፣ ወይም ወንድ ከሆነ አንድም ጊዜ ሳይገናኝ ነው የተበላው። መደርደሪያችን ላይ ያለው፣ ዓለም ላይ የዚህን እንስሳ ቁጥር ያመናመነው ነገር ራሱ ነው። ማስረጃው እጃችን ላይ እያለ «ቀይ ባሕር» ብለን ጽፈንበት ለጆሯችን መጫወቻ አደረግነው።

እስቲ አንድ ኮንክ ለአካለ መጠን ለመድረስ ምን እንደሚያስፈልጋት ልንገራችሁ።

እንስሳዋ ወንድና ሴት አላት፤ ፅንሰቱም በሰውነት ውስጥ ነው። ወንዱ ሴቷን ፈልጎ በእግሩ ሄዶ ማግኘት አለበት። ሴቷ በሞቃቱ ወራት ንጹሕ አሸዋ ላይ ረጅም፣ የተጠቀለለ ክር የመሰለ እንቁላል ትጥላለች፤ አሸዋው ክሩ ላይ ስለሚለጠፍ ከአካባቢው አይለይም። በአንዱ ጥቅል ውስጥ ያለው እንቁላል በመቶ ሺዎች ይቆጠራል። በጥቂት ቀናት ውስጥ ይፈለፈላል። የሚወጣው እጭ ቬሊጀር ይባላል፤ ጸጉራም ክንፍ በመሰለ ነገር እየቀዘፈ፣ ዓይን የማያየው ዋቅላሚ እየተመገበ ለሦስትና ለአራት ሳምንት ያህል የውኃው ሞገድ ወደ ወሰደው ይሄዳል። ከዚያ መልኩን ቀይሮ ወደ ታች ይወርዳል። የሚመች ቦታ ካላገኘ አለቀለት። የሚመቸው ጥልቀት የሌለው፣ ጥሩ ውኃ የሚዘዋወርበት፣ ታላሲያ የሚባለው የባሕር ሣር ያለበት አሸዋ ነው።

የመጀመሪያውን ዓመት ገደማ አብዛኛውን ጊዜ አሸዋ ውስጥ ተቀብሮ ነው የሚያሳልፈው። ቢወጣ የሚበላው ብዙ ነው፤ ሸርጣን፣ ሎብስተር፣ ኦክቶፐስ፣ የባሕር ኤሊ፣ ሬይ የሚባለው ጠፍጣፋ ዓሣ፣ ሌላው ቀርቶ ሥጋ በል የሆኑ ሌሎች ቀንድ አውጣዎች። ከዚያ ሣሩ መሐል ይወጣና ዋቅላሚና የበሰበሰ ቅጠል በራዱላው እየፋቀ ይበላል። አካሄዱም የሚገርም ነው። እንደ ጓሯችን ቀንድ አውጣ በልጋጉ ላይ አይንሸራተትም። እግሩ ጫፍ ላይ ያለውን ማጭድ የመሰለ ክዳን (ኦፐርኩለሙን) አሸዋው ላይ ይተክልና ዛጎሉን ወደፊት ይወረውራል፤ ይተክላል፣ ይወረውራል። ምርኩዝ ይዞ እንደሚዘል ሰው ማለት ነው። ዓይኖቹ በረጅም ዘንግ ላይ ናቸው፤ ቢቆረጡ መልሰው ይበቅላሉ። (ይህን ሴሚናሩ ላይ ስናገር ከኋላ «ለኛም!» ያለውን ልጅ አውቀዋለሁ፤ መነጽሩ በፈተና ሰሞን ነው የተሰበረው።)

ዛጎሉ በርዝመት የሚያድገው እስከ ሦስት ዓመት ተኩል ገደማ ነው። ከዚያ ያቆማል። ከንፈሩን ይዘረጋል፤ ከዚያ በኋላ የሚያድገው በውፍረት ብቻ ነው። ከንፈሩ ወጣ ማለት ግን ወዲያው ይወልዳል ማለት አይደለም። ለመራባት አራት ዓመት ገደማ መድረስ አለበት። ካልነኩት ከ20 ዓመት በላይ ይኖራል። ያረጀው ኮንክ ዛጎሉ በጊዜ ብዛት እየተበላ ስለሚያጥር ርዝመቱ ከጎረምሳው ያነሰ ሊሆን ይችላል። እዚህ ላይ ቆም በሉ። ርዝመትን የሚለካ ሕግ ማንን ያስይዛል? ትልቁን ልጅ!

ስለ ዛጎሉ ጥንካሬ ለኢንጂነሪንግ ዶርም ጓደኞቼ የነገርኳቸውን እዚህ በአጭሩ ልድገመው። ከክብደቱ 99 በመቶ ያህሉ አራጎናይት የሚባል የካልሲየም ካርቦኔት ዓይነት ነው፤ ከጠመኔ ብዙም የማይለይ። ነገር ግን ጥቃቅን ሰሌዳዎቹ እየተጠላለፉ ስለተደረደሩ፣ ስንጥቅ ሲጀምር በየመገናኛው እየተያዘ ይቆማል። እ.ኤ.አ. በ2000 ኔቸር መጽሔት ላይ በታተመ ጥናት መሠረት ይህን ዛጎል ለመስበር የሚያስፈልገው ሥራ ተራውን ማዕድን ለመስበር ከሚያስፈልገው በሺህ እጥፍ ገደማ ይበልጣል። ይህ ሁሉ ምሽግ ለኤሊና ለሸርጣን ተብሎ የተሠራ ነው። ለመዶሻ አልተሠራም።

አሁን ወደ ክርክሬ ልግባ። ሴሚናሩ ላይ አንድ የክፍላችን ልጅ (ጎበዝ ተማሪ ነው፣ አከብረዋለሁ) ተነሥቶ «ባሕር ለሌላት አገር ይሄ ምን ያደርጋል? ለኛ የሚጠቅመው የቢልሃርዚያው ቀንድ አውጣ ነው። ጊዜያችንን እሱ ላይ እናጥፋ» አለኝ። ብዙ ሰው አጨበጨበለት። እውነቱን ለመናገር እኔም ያኔ መልስ አልነበረኝም። አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 ዐድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት በታች ባለው ውኃ የሞቱ ቀንድ አውጣዎችን አይቶ የጀመረውን ሥራ የማያውቅ የባዮሎጂ ተማሪ የለም። እዚህ አገር ስለ ቀንድ አውጣ ሲነሣ የሚነሣው እሱ ነው፤ ይገባዋልም።

ማታ ግን ዶርም ተኝቼ ሳስበው ልጁ ራሱ መልሱን እንደሰጠኝ ገባኝ። የቢልሃርዚያውን ተውሳክ የሚያስተላልፈው ባዮምፋላሪያ ወንድም ሴትም ነው። አንዲቷ ብቻዋን ራሷን በራሷ አፅንሳ ትራባለች። አንድ ወንዝ ውስጥ ሺሁን ገድለህ አንዲት ብትተርፍ በጥቂት ወራት ውስጥ ወንዙ ይሞላል። የእንዶድም ሆነ የሌላው መድኃኒት ፈተናው ይኸው ነው። ኮንክ ደግሞ የዚህ ተቃራኒ ናት። ሺህ ብታስቀርም ከተራራቁ ያው ዜሮ ናቸው። ወንዱ በዚያ ምርኩዝ አካሄዱ ሴቷ ጋ መድረስ ካልቻለ እንቁላል የለም። አንደኛው ቀንድ አውጣ አልጠፋ ብሎ ያስቸግራል፤ ሁለተኛው አልመለስ ብሎ ያስቸግራል። ይህን ልዩነት ጎን ለጎን አስቀምጦ የማያስተምር ኮርስ ስለ መራባት ምን አስተማረ?

ቁጥሩም አለ። ባሃማስ ውስጥ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2000 የታተመ ጥናት እንደሚያሳየው በአንድ ሄክታር ውስጥ ያሉት አዋቂ ኮንኮች ከ50 አካባቢ ሲያንሱ መገናኘትም እንቁላል መጣልም አልታየም። መቀነስ አላልኩም፤ አልታየም ነው። በጠመኔ አሰላሁት። 50 በሄክታር ማለት ለአንዷ 200 ካሬ ሜትር ይደርሳታል፤ እኩል ተበትነዋል ብንል ከጎረቤቷ 14 ሜትር ያህል ርቃለች ማለት ነው። 14 ሜትር ከላቡ በር እስከ ሽንት ቤቱ እንኳ አይሞላም! ለኛ ምንም ነው። ለእሷ የዘር መቋረጥ ነው። ኢኮሎጂ ላይ «የአሊ ኢፌክት» ብለን በግራፍ ያየነውና ማንም ያልገባው ነገር ይኸው ነው፤ በቁጥር አነስ ስንል በፍጥነት የምንራባ ሳይሆን ጭራሹኑ የማንራባበት ሁኔታ።

ፍሎሪዳን ተመልከቱ። ለንግድ ማጥመድ እ.ኤ.አ. በ1975 ተከለከለ፤ በ1980ዎቹ አጋማሽ ደግሞ ማንም አንድም እንዳይነካ ተባለ። ከዚያ ወዲህ 40 ዓመት ገደማ ሆነው። አሁንም እንደ ድሮው አልሆነም። የኮንክ ዓለም አቀፍ ንግድ እ.ኤ.አ. ከ1992 ጀምሮ በሳይተስ ስምምነት ቁጥጥር ሥር ነው፤ አሜሪካም እ.ኤ.አ. በየካቲት 2024 ለአደጋ የተጋለጠ ብላ መዝግባታለች። እንግዲህ ክልከላው መጥፎ ነው አልልም። ግን ክልከላ የሚሠራው እንስሳው ገና ብዙ ሳለ ነው። ከተራራቁ በኋላ በሩን መዝጋት ከብቱ ካለቀ በኋላ በረት እንደ ማጠር ነው።

አጥማጁን መውቀስም አልወድም። ለባሃማስ ሰው ኮንክ ለኛ ሽሮ እንደማለት ነው፤ ጥሬውን በሎሚና በቃሪያ ይበሉታል፣ ይጠብሱታል፣ ዛጎሉም ብሔራዊ አርማቸው አናት ላይ ተቀምጧል። ሄይቲ ውስጥ ላምቢ ይባላል። ፖርቶ ፕረንስ ላይ ከባርነት ያመለጠው ሰው ሐውልት አለ፤ በአንድ እጁ ገጀራ ይዟል፣ በሌላው የኮንክ ዛጎል አፉ ላይ አድርጎ ወገኖቹን ይጠራል። እንዲህ ያለውን ሕዝብ «ተው አትብላ» ማለት ለእኔ ቢጤ ባሕር አይቶ ለማያውቅ ሰው ቀላል ነው። የምለው ሌላ ነው። መለኪያው ይስተካከል ነው። በባሃማስ ለረጅም ጊዜ የሠራው ደንብ «ከንፈሩ በደንብ የወጣ» ይላል። «በደንብ» ስንት ነው? ጀልባ ላይ ያለ የራበው ሰው «በደንብ» የሚለውን እንዴት እንደሚተረጉመው ለመገመት ዲግሪ አያስፈልግም። ተመራማሪዎቹ የከንፈሩ ውፍረት ቢያንስ 15 ሚሊሜትር ይሁን ብለዋል። ይህ በአንዲት ቁራጭ ብረት ላይ ቀዳዳ በስቶ የሚለካ ነገር ነው። እኔ ከመቶ ገጽ የጥበቃ ዕቅድ ያቺን ብረት እመርጣለሁ።

ጥብቅ ቦታስ አይበቃም ወይ ያላችሁኝ ነበራችሁ። ባሃማስ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1958 የተቋቋመና ከ1986 ጀምሮ ምንም ማጥመድ የማይፈቀድበት የኤክሱማ ፓርክ አለ። ውስጡ ያለው የኮንክ ብዛት ከውጭው ይበልጣል። ይሁን እንጂ በኋላ የተደረጉ ቆጠራዎች እንዳሳዩት በፓርኩ ያሉት እያረጁ ነው፤ ተተኪ ወጣት እየመጣላቸው አይደለም። ምክንያቱም ቬሊጀሩ የሚመጣው ከሌላ ቦታ በሞገድ ነው። ላይ ያሉት ካለቁ ታች ያለው ፓርክ አጥር ብቻ ይቀረዋል። የላይኛውና የታችኛው ተፋሰስ ነገር ለካ በባሕርም አለ! ይህን ለኢትዮጵያዊ ተማሪ ማስረዳት ይቸግራል?

ሌሎቹን የባሕር ቀንድ አውጣዎች ላነሣ አስቤ ነበር፤ ቦታ አይበቃኝም። ብቻ ሁለቱን ሳልጠቅስ አላልፍም። ኮነስ ማጉስ የሚባለው ዓሣ አዳኝ ቀንድ አውጣ ከመርዙ የተገኘው ዚኮኖታይድ የተባለ የሕመም ማስታገሻ እ.ኤ.አ. በ2004 አሜሪካ ውስጥ ተፈቅዷል። የመርከብ ሆድ ላይ ይቀባ የነበረው ቲቢቲ የሚባል ቀለም ደግሞ በአውሮፓ ዳርቻዎች ሴት ቀንድ አውጣዎች ላይ የወንድ ብልት አብቅሎ እንዳይወልዱ አድርጓቸዋል፤ እ.ኤ.አ. በ2001 የጸደቀውና በ2008 ሥራ ላይ የዋለው ዓለም አቀፍ ስምምነት የመጣው በዚህ የተነሣ ነው። ሃንድአውቱ ላይ ግን አንዱም የለም።

«ባሕር ለሌላት አገር» ለሚለው ደግሞ አንድ ነገር ልጨምር። እናቴ ያዘለችኝ አንቀልባ ዛጎል የተደረደረበት ነው፤ ዛሬም ቤታችን ሣጥን ውስጥ አለ። የአንቀልባ ዛጎል እኮ የባሕር ቀንድ አውጣ ነው! ካውሪ የሚባለው፣ ከሕንድ ውቅያኖስና ከአካባቢው ባሕሮች በነጋዴ እጅ ተራራ የወጣ። የሚያብረቀርቀውም በሕይወት ሳለ ማንትሉ ከግራና ከቀኝ ወጥቶ ዛጎሉን ስለሚያለብሰው ነው። እሱም እንደ ኮንክ ካደገ በኋላ ርዝመት አይጨምርም፤ ከንፈሩን ወደ ውስጥ አጥፎ ጥርስ ያወጣል። ስንቶቻችን የባሕር ቀንድ አውጣ ጀርባችን ላይ አድርገን አድገን «ምን ያደርግልናል» እንላለን።

የቀይ ባሕር ነገር ካስፈለገም አለን፤ እውነተኛው አለን። ከ120 ሺህ ዓመት ገደማ በፊት ቀይ ባሕር ወደ ዳናክል ረባዳ ገብቶ ነበር። አፋር ውስጥ፣ ዛሬ ከባሕር ወለል በታች በሆነው በዚያ ደረቅ ምድር ጠርዝ ላይ፣ የኮራል ሪፉ ከነዛጎሉ ቆሞ ይታያል። ከድንበሩ ማዶ፣ ኤርትራ ዳርቻ አብዱር ላይ ደግሞ ከዚያው ዘመን በቀረው ሪፍ ውስጥ ከባሕር ዛጎሎች መሐል የሰው የድንጋይ መሣሪያ ተገኝቷል፤ ዜናው የወጣው እ.ኤ.አ. በ2000 ነው። እጅግ የቆየውን ከፈለጋችሁ ከደጀን ቁልቁል ወደ ዓባይ ድልድይ ስትወርዱ የምታዩት የኖራ ድንጋይ በጁራሲክ ዘመን የባሕር ወለል የነበረ ነው። የጂኦሎጂ ዲፓርትመንት ልጆች በየዓመቱ ለፊልድ ይሄዳሉ። ከአውቶቡሳቸው ሁለት ወንበር ብንለምን፣ ከዚያ በኋላ መደርደሪያችን ላይ የምናስቀምጠው እኛው ያነሣነውና ከየት እንደመጣ የምናውቀው ይሆናል።

የላቡን አባት በድጋሚ አናግሬያቸዋለሁ። ሽንቁሩን አሳየኋቸው፣ ከንፈሩን በጣታቸው አስነካኋቸው። ዝም ብለው ቆዩና «ልጅ ናት እንዴ ታዲያ?» አሉ። «አዎ ጋሼ፣ ልጅ ናት» አልኩ። ወረቀቷን ለማንሣት የዲፓርትመንቱ ፈቃድ ያስፈልጋል አሉኝ፤ ይኸው በአደባባይ እየጠየቅሁ ነው። በምትኩ የሚለጠፈውን በካርድ ላይ ጽፌ ለጸሐፊዋ ሰጥቻለሁ። እንዲህ ይላል፦

«አሊገር ጊጋስ (ንግሥት ኮንክ)። መኖሪያው ካሪቢያንና ምዕራብ አትላንቲክ። ለአካለ መጠን ሳይደርስ የተያዘ፤ የአፉን ጠርዝ ይመልከቱ። ጫፉ ላይ ያለው ሽንቁር አጥማጁ ሥጋውን ለማውጣት የበሳው ነው። ያመጣው ሰውና ያመጣበት ዘመን፦ ..................»

ነጥብ ነጥቡን ሆን ብዬ ነው የተውኩት። ከአንጋፋ መምህራን መካከል ይህ ዛጎል በማን ሻንጣ ወደዚህ እንደመጣ የሚያስታውስ ካለ፣ ወይም ከቀድሞ ተማሪዎች ሰምቶ የሚነግረን ከተገኘ፣ ካርዱ ጸሐፊዋ ጠረጴዛ ላይ ከነእስክሪብቶው ተቀምጧል።